የአስር ሰዓቱ ክላክስ

«ሰሚዋ አንቺ ነሽ?»

ለይላ ከትምህርት ቤቱ በር ገና አንድ እግሯን እንዳወጣች ነው እትዬ ደብሪቱ የያዟት። አያያዛቸው ደግሞ ማምለጫ አይሰጥም፤ በአንድ እጃቸው የለይላን ክንድ፣ በሌላው ማንጎ የሞላ ዘንቢል። እትዬ ደብሪቱን መርሳ ከተማ ውስጥ የማያውቃቸው የለም፤ መናኸሪያው አጠገብ ፍራፍሬ ይሸጣሉ። ለይላም ስንት ጊዜ ፓፓያ ገዝታቸዋለች። እንዲህ ተለማምጠው ሲያናግሯት ግን የመጀመሪያው ነው።

«የምን... የምን ሰሚ?» አለች።

«የሰው ሐሳብ የምትሰማዋ ነዋ! ግቢያችን የተከራየችው ተማሪ በስልኳ አነበበችልኝ። መርሳ ነው የምትኖረው ይላል። አጠያይቄ አጠያይቄ አንቺ ጋ ደረስኩ።»

ለይላ «ኧረ እኔ አይደለሁም» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከኋላዋ የቆመችው ቤዛዊት ቀደመቻት።

«አዎ፣ እሷ ናት!»

አይ ቤዛ! አፏ ሁልጊዜ ከጭንቅላቷ ቀድሞ ነው የሚደርሰው።

እትዬ ደብሪቱ ዘንቢሉን መሬት አስቀመጡ። «ባለቤቴን ታውቂው የለ? ይርጋን፣ ሹፌሩን። ይኸው ደም ግፊት ከጣለው ሰባት ወሩ። ግራ ጎኑ አይታዘዝለትም፣ አንደበቱም ተዘጋ። እሱንስ ተመስገን ብዬ ተቀብዬዋለሁ፤ ነፍሱ አለችልኝ። ግን በየቀኑ አስር ሰዓት ሲል ይቆጣል። በደህና እጁ ወንበሩን ይደበድባል፣ ዓይኑ ይቀላል። ውኃ ስሰጠው ይገፋዋል። ትራሱን ሳስተካክልለት ይብስበታል። ሠላሳ ዓመት ስንኖር እንዲህ ተቆጥቶኝ አያውቅም።» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉ። «ነገ መጥተሽ ስሚልኝ። ምን እንዳጠፋሁ ንገሪኝ ልጄ።»

ለይላ መልስ እስክትፈልግ ድረስ እትዬ ደብሪቱ ሦስት ሦስት ማንጎ በሁለቱ ልጆች ቦርሳ ጨምረው፣ «ዘጠኝ ተኩል ላይ እጠብቃችኋለሁ» ብለው ሄደዋል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ለይላ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ሌላው ልጅ ለኳስ ወይም ለዘፈን እንደሚሞተው ሁሉ፣ እሷ የምትሞተው ለአእምሮ ኃይል ታሪኮች ነው። ሐሳብ የሚያነቡ፣ ዕቃ በዓይናቸው የሚያንቀሳቅሱ፣ የነገውን ዛሬ የሚያዩ ሰዎች! ሰባተኛ ክፍል ሳለች የእስክሪብቶ ክዳን በሐሳቧ ልታንቀሳቅስ አንድ ሙሉ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ አፍጥጣ ቆይታለች፤ መምህሩ «ልጄ፣ ጥያቄው እኮ ያለው ሰሌዳው ላይ ነው» እስኪሏት ድረስ። ክዳኑ ወይ ፍንክች! ከዚያ ወዲህ ያልተንቀሳቀሰላትን ሁሉ በጽሑፍ ታንቀሳቅሳለች።

«ሰሚዋ» የሚለው ታሪኳ የሚያጠነጥነው ነጃት በምትባል ልጅ ላይ ነው። ነጃት የሰው ሐሳብ ትሰማለች፤ ግን ግንባር ነክታ ወዲያው አይደለም። ለይላ እንዲህ ዓይነቱ ነገር አይጥማትም፣ «በጣም ቀለለ» ትላለች። ነጃት መጀመሪያ ዝም ብላ መቀመጥ አለባት። የሰውዬውን እጅ፣ እግር፣ ዓይኑ የሚሄድበትን ማየት አለባት። የራሷ ሐሳብ ጸጥ ሲል ብቻ ነው የሌላው የሚሰማት።

ለይላ ስልክ የላትም። በደብተር ትጽፋለች፣ ቤዛ በስልኳ ትተይበውና ቴሌግራም ላይ በከፈቱት ቻናል ትለቀዋለች። ደብተሩን በየወሰነ ትምህርቱ የምትገዛላት እናቷ ናት። «ይኼ ለትምህርትሽ፣ ይኼ ለተረትሽ» እያለች አንዱን ለይታ ትሰጣታለች። ለይላ ከምዕራፎቹ እኩል የምትወደው ደግሞ በየሳምንቱ የምታወጣው «የሥራ ዜና» ነው። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ምዕራፍ አራት ዘግይቷል። ጥፋተኛው የባዮሎጂ ፈተና ነው። ነጃት አሁን ከግድግዳ ማዶ ያለ ሰው መስማት ጀምራለች፣ እኔም ራሴ ገርሞኛል። ስላነበባችሁ በጣም አመሰግናለሁ። ሃያ ሦስታችሁንም።»

ሃያ ሦስቱ ሰባ ሆኑ፣ ሰባ ላይ ቆሙ። ከሦስት ሳምንት በፊት ታዲያ ቤዛ ማንንም ሳትጠይቅ ከምዕራፍ ስድስት ሥር አንድ ነገር ጨመረች፦ «ማሳሰቢያ፤ ታሪኩ እውነተኛ ነው። ደራሲዋ ራሷ የሰው ሐሳብ ትሰማለች። መርሳ ነው የምትኖረው።»

ለይላ ስታየው ጮኸች። «አጥፊው! አሁኑኑ አጥፊው!»

በነጋታው ቁጥሩ ሁለት መቶ ገባ። ለይላ ሁለተኛ አልጮኸችም። አሁን ስድስት መቶ አርባ ደርሷል። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ውሸቱን የጻፈችው ቤዛ ብትሆንም ተቀምጣ ያሞቀችው ለይላ ናት። ይህን ደግሞ በደንብ ታውቀዋለች።

«አሁንስ አበዛሽው!» አለች በመንገድ ላይ። «ሴትዮዋ እኮ የምራቸውን ነው።»

«አቦ አትጨናነቂ» አለች ቤዛ ማንጎዋን እየላጠች። «ትገቢያለሽ፣ ዓይንሽን ትንሽ ጨፈን ታደርጊያለሽ። ከዚያ ‹አልተቆጣሁሽም፣ አመሰግንሻለሁ፣ እወድሻለሁ ይላሉ› ትያለሽ። ማን ተጎዳ? እሳቸው ደስ ይላቸዋል፣ እኛም ሺህ እንሞላለን።»

«ሌላ ነገር ፈልገው ቢሆንስ?»

«በምን ይታወቃል? ጋሽ ይርጋ አይናገሩም እኮ።»

«እናቴ ብትሰማ ምን እንደምትል ታውቂያለሽ? ገይብን፣ የተሰወረውን፣ የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። ልጄ ጠንቋይ ሆነች ብላ ነው የምታብደው።»

«አትሰማማ።»

የሚያናድደው፣ የቤዛ ሐሳብ ክፉ አልነበረም። ለይላ ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ዓረፍተ ነገሩን አሳምራ ጨርሳዋለች፦ «ደብሪቱዬ፣ የምቆጣው በአንቺ አይደለም፤ እጅሽን ልይዝ ፈልጌ እጄ እምቢ ስለሚለኝ ነው።» ለራሷ ስትለው እንባዋ መጣ። ደራሲ ጉደኛ ነው እኮ! ራሱ በፈጠረው ውሸት ራሱ ያለቅሳል።

በማግስቱ ዘጠኝ ተኩል ላይ ደረሱ። ቤቱ ከዋናው አስፋልት ዳር ነው። ጋሽ ይርጋ ሳሎኑ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የተቀመጡበት ከአሮጌ አውቶቡስ የተነቀለ የሹፌር ወንበር ነው፤ የእንጨት እግርና መደገፊያ ተሠርቶለታል። ጸጉራቸው ተበጥሯል፣ ጋቢያቸው ነጭ ነው፣ ጢማቸው ተላጭቷል። ሰባት ወር ሙሉ በደንብ የተያዙ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል።

«እንደምን ዋሉ ጋሽ ይርጋ» አለች ለይላ።

ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ነቅቷል፤ የታመመ ሰው ዓይን አይመስልም።

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አሉ እትዬ ደብሪቱ። ሰዓታቸውን አዩና ተነስተው መስኮቱን ዘጉ፣ ከዚያ በሩን። «አስር ሰዓት ሊሆን ነው። የመኪናው ጩኸት ነው መሰለኝ የሚበጠብጠው። ስለዚህ እዘጋዋለሁ።»

ቤዛ ጥግ ይዛ ስልኳን አወጣች። ለይላ ከወንበሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠች። ያቺ ያማረች ዓረፍተ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ናት፤ ትንሽ ዓይን መጨፈን፣ ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያ መልቀቅ ብቻ። እትዬ ደብሪቱ በሩ አጠገብ ቆመው እጃቸውን አጣምረው ሲጠብቁ ስታይ ግን ዓይኗን መጨፈን አቃታት። እንግዲህ ካልጨፈነች ማየት ነበረባት።

አየች። የጋሽ ይርጋ ቀኝ እጅ መደገፊያው ላይ ነው። ቀኝ እግራቸው ወለሉን ቀስ ብሎ ይጫናል፣ ይለቃል፣ ይጫናል። ዓይናቸው ሚስታቸውን አያይም፣ እሷንም አያይም። የተዘጋውን መስኮት ነው የሚያየው። የሆነ ነገር እየጠበቁ ነው።

ከሩቅ የከባድ ሞተር ድምፅ መጣ። ከዚያ ክላክስ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ጲጵ ጲጵ፣ ጲ...ጵ!

የጋሽ ይርጋ እጅ ብድግ አለ። ወንበሩን መቱት፤ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ መዳፋቸውን ጫን አድርገው። እንደገና ሁለቴ፣ እንደገና አንዴ። ፊታቸው ቀላ።

«ይኸው ጀመረው!» እትዬ ደብሪቱ ሮጠው መጡ። «ምን ልሁንልህ የኔ ጌታ? ውኃ ነው?»

«እትዬ ደብሪቱ፣ አንዴ ይቆዩኝ» አለች ለይላ። «ያ መኪና የማነው?»

«የብሩክ ነዋ፣ የድሮ ረዳቱ። ከልጅነቱ ጀምሮ መንዳት ያስተማረው ይርጋ ነው። አሁን የራሱን ቅጥቅጥ አውቶቡስ ይዞ ከወልድያ ውርጌሳ ይመላለሳል። እዚህ ሲደርስ ሳያንባርቅ አያልፍም፣ የታመመ ሰው እንኳ አያዝንለትም!»

ለይላ ከዱካዋ ተነሳች። በዚህ መንገድ ዳር ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ሹፌር ሹፌርን ሰላም የሚለው በክላክስ ነው። ሰላም የተባለ ሹፌር ደግሞ ሳይመልስ አያልፍም። ሳይመልስ ካለፈ ማታ ሻይ ቤት «ምነው፣ ኮራህብን?» ተብሎ ይወቀሳል። ይህን ማወቅ የአእምሮ ኃይል አይጠይቅም።

ወደ ጋሽ ይርጋ ጎንበስ አለች። «ጋሽ ይርጋ፣ ‹አዎ› ከሆነ አንዴ፣ ‹አይደለም› ከሆነ ሁለቴ ይምቱልኝ። ለብሩክ ሰላምታውን እየመለሱለት ነው?»

አዛውንቱ ትክ ብለው አዩዋት። እጃቸው ተነሳ። አንዴ።

«መስኮቱ ስለተዘጋ ነው የሚናደዱት? ስለማያይዎት?»

አንዴ። ድምፁ ከፊተኛው ይበልጣል።

ለይላ እትዬ ደብሪቱን አየቻቸው፤ የመጨረሻውን ጥያቄ የምትጠይቀው ለእሳቸው ብላ ነው። «በእትዬ ደብሪቱ ተቆጥተዋል?»

ሁለቴ። ጋሽ ይርጋ እዚያ ላይ አላቆሙም። ሁለቴ፣ ሁለቴ፣ ሁለቴ፤ አንገታቸው እየተንቀጠቀጠ መቱት። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ።

«እልልልል!» እትዬ ደብሪቱ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «ሰማችው! ልቡን ሰማችው! አምላኬ፣ ምን ዓይነት ልጅ ላክህልኝ!»

ተከራይዋ ተማሪ እልልታውን ሰምታ በሩን ከፍታ ገባች። ቤዛ ስልኳን ወደ ላይ አንስታለች፤ ፊቷ በርቷል። ለይላ ምንም አልዋሸችም፤ ዝም ብትል ብቻ ነገሩ ሁሉ በራሱ ይሆንላታል። ዝም ማለት ደግሞ ሦስት ሳምንት የተለማመደችው ሥራ ነው።

«ስልኩን አስቀምጪው ቤዛ» አለች።

«እንዴ! ለምን?»

«አስቀምጪው አልኩ።» ከዚያ እትዬ ደብሪቱ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «እትዬ ደብሪቱ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም። ወላሂ አልሰማሁም። ሐሳብ የምትሰማዋ ደብተር ውስጥ ያለችው ልጅ ናት፣ እሷም የፈጠራ ናት። እውነት ነው የተባለው ውሸት ነው። እያወቅኩ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ያየሁት ማንም ሰው ቁጭ ብሎ የሚያየውን ነው።»

እልልታው ቆመ። እትዬ ደብሪቱ ቀስ ብለው መስኮቱን አዩ፣ ከዚያ እጃቸውን። ለይላ ያኔ ነው የተናገረችው ነገር የት ድረስ እንደሚወጋ የገባት። ተአምር ነው ብላ ብትተወው ኖሮ ማንም አይወቀስም ነበር።

«ማንም የሚያየውን» አሉ እትዬ ደብሪቱ። «እኔ ነኛ ታዲያ የዘጋሁበት። ሰባት ወር ሙሉ በገዛ እጄ።»

ለይላ አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

ጋሽ ይርጋ ደህናውን እጃቸውን ወደ ታች ሰደዱ፤ እየተንጠራሩ፣ እየቃተቱ፣ የሚስታቸውን ነጠላ ጫፍ ያዙ። ያዙና ሳብ አደረጉት። እትዬ ደብሪቱ ቀና ብለው አዩዋቸው። እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጣባቸው።

«አንተ ሰውዬ! ለመርሳ ሰው ሁሉ ስላንተ አወራሁ፤ አንተን ግን አንድ ነገር ሳልጠይቅህ!» ተነስተው መስኮቱን ብርግድ አድርገው ከፈቱት። ከዚያ ወደ ለይላ ዞሩ። ይቆጡኛል ብላ ስትጠብቅ ሁለቱን መዳፎቻቸውን ዘረጉ። «አዋቂ ነኝ ባይማ ሞልቶ ነበር። ጎኑ ተቀምጦ የሚያየው ነው የታጣው። ልጄ፣ እጅሽ አይዛል። ቀለምሽ አይንጠፍ። ያሰብሽው ይድረስልሽ። የወለደችሽ እናት ወልዳ አትዘን።»

«አሚን» አለች ለይላ።

«አሜን» አለች ቤዛ ከጥግ፣ ስልኳን ኪሷ እየከተተች።

በነጋታው የሹፌሩ ወንበር በረንዳ ላይ ወጣ። አስር ሰዓት ላይ የብሩክ ቅጥቅጥ እየተንደረደረ መጣና እንደ ልማዱ ጮኸ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ጋሽ ይርጋ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። ቅጥቅጡ ትንሽ አልፎ ሄደና ቀጥ ብሎ ቆመ። ተሳፋሪው «ምን ሆነ? ውረድ ነው?» እያለ ሲያጉረመርም፣ ብሩክ በሩን ከፍቶ ወርዶ፣ አስፋልቱን ተሻግሮ እየሮጠ መጣ። የጋሽ ይርጋን ጉልበት ስሞ «እኔኮ መስኮቱ ዝግ ሲሆን መስማትም የተዉ መስሎኝ ነበር፤ ግን ሰላም ሳልል ማለፍ አልቻልኩም» አለ። ለይላ ያን ቀን አልሐምዱሊላህ ያለችውን ያህል ከፈተና አልፋም ብላ አታውቅም።

ቅዳሜ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ለይላ የሥራ ዜናዋን በደብተር ጽፋ ለቤዛ ሰጠቻት። ቤዛ አነበበች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ እንደገና አነበበች።

«‹የሥራ ዜና። ታሪኩ እውነተኛ ነው የተባለው ውሸት ነው። ሐሳብ አልሰማም፤ የእስክሪብቶ ክዳን እንኳ እምቢ ብሎኛል። ሦስት ሳምንት እያወቅኩ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ። መውጣት የምትፈልጉ ብትወጡ አልቀየምም። እስካሁን ስላነበባችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ምዕራፍ ዘጠኝ ቅዳሜ ይወጣል።›» ቤዛ ቀና አለች። «የኔን ስም ለምን አልጻፍሽም?»

«ዝም ያልኩት እኔ ነኛ።»

ቤዛ ትንሽ አሰበች። ከዚያ መተየብ ጀመረች፤ ሲያልቅ ከሥሩ አንድ መስመር ጨመረች፤ «ውሸቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቤዛ፣ ተያቢዋ።» ለይላን ሳታይ ላከችው። «እንዳታመሰግኚኝ፣ አልቅሼ ነው የላክሁት።»

«አመሰግናለሁ» አለች ለይላ። እውነት ለመናገር ብዙ ነው የምታመሰግናት፤ ያቺ አፏ የሚቀድማት ልጅ ባትኖር አንዱም ምዕራፍ ከደብተር አይወጣም ነበር።

በማግስቱ ስድስት መቶ አርባው አራት መቶ አሥራ ሁለት ሆነ። ቤዛ ስልኩን እያሳየች ቁጥሩን እንደ ሐዘን ዜና ነገረቻት። ለይላ ከፋት፤ አልከፋኝም ብትል ውሸት ነው። ደብተሯን ይዛ ወደ እትዬ ደብሪቱ ቤት ሄደች።

ጋሽ ይርጋ በረንዳው ላይ ናቸው። ብሩክ እስኪያልፍ ገና ግማሽ ሰዓት አለ።

«ነገ የሚወጣውን ምዕራፍ ላንብብልዎት?»

አንዴ።

ለይላ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች። ነጃት በሌሊት ጉዞ ላይ ናት፤ አውቶቡሱ ቁልቁለት እየወረደ ነው፤ የሹፌሩ ፍርሃት ከፊት ወንበር እየመጣ ይሰማታል። «‹ሹፌሩ አራተኛ ማርሽ አስገብቶ ቁልቁለቱን...›»

ድው ድው!

ለይላ ደንግጣ ቀና አለች። ጋሽ ይርጋ ቅንድባቸው ተሰቅሏል። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ጉድ ሰምተው የሚያውቁ አይመስሉም።

«ማርሹ አራተኛ ነው?»

ሁለቴ።

«ሦስተኛ?»

ሁለቴ፤ ቀኝ እግራቸው ወለሉን ተጫነ።

«ሁለተኛ? ቁልቁለቱ ላይ መኪናውን እንዲይዘው?»

አንዴ። ረካ ብለው ተደገፉ፤ በደህናው የከንፈራቸው ጎን ፈገግ አሉ።

ለይላ እርሳሷን አወጣችና «አራተኛ»ን ሰረዘችው። አንድ መስመር ወደ ታች ወረደች፣ ቆመች። ምዕራፍ ሁለት ላይም አውቶቡስ አለ። ምዕራፍ አምስት ላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ስለ እሱ ሁሉም ያወራል እንጂ እሱን የሚጠይቀው የለም። ያኔ ስትጽፈው ይህ አልታያትም ነበር። ነገ ቅዳሜ ነው፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ምዕራፍ ዘጠኝን ይጠብቃል።

«ጋሽ ይርጋ፣ ሁሉንም እንዲያርሙልኝ ጊዜ አለዎት?»

አንዴ።

ለይላ ደብተሩን ወደ ኋላ ገለበጠች፣ ገለበጠች፤ እስከ መጀመሪያው ገጽ።